ከኦቨርክሎክ በኋላ የሚያስቸግር ኮምፒውተር፦ በአዳማ ሙቀት ውስጥ ስሕተቱን ፈልጎ የማግኛ መመሪያ

ፕሮሰሰሩ ኦቨርክሎክ ተደረገ፣ ማለትም ከፋብሪካ ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ተደረገ፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ከዚያ የሠርግ ቪዲዮ በመቀናበር ላይ እያለ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ወይም ኮምፒውተሩ ምንም ሳያስጠነቅቅ ጠፍቶ እንደገና ተነሣ። ይህ መመሪያ ከዚህ በኋላ ምን በምን ቅደም ተከተል መሠራት እንዳለበት ያሳያል። አዳማ ላይ ለሚሠራ ሰው ታስቦ የተጻፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ከሌላ አገር ቪዲዮ ላይ የታየ ቁጥር እንዳለ ተገልብጦ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ሲገባ ነው። ያ ቁጥር የተገኘው በሌላ ክፍል ሙቀት፣ በሌላ ማዘርቦርድና በሌላ ቺፕ ላይ ነው። በአንድ ስም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ፕሮሰሰሮች እንኳ እኩል አይደሉም፤ አንዱ በ1.25 ቮልት የሚሸከመውን ፍጥነት ሌላው 1.35 ቮልት ካላገኘ አይሸከመውም።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ከኢንቴል ፍጥነቱ የሚከፈተው በአብዛኛው በስሙ መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ያለው ፕሮሰሰር ዜድ የሚል ምድብ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሲቀመጥ ነው። ከኤኤምዲ ደግሞ አብዛኞቹ ራይዘኖች ክፍት ናቸው፤ ሆኖም እንደ ኤ320 ያለው ርካሽ ቺፕሴት አይፈቅድም። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝተው በሆነ ፕሮግራም አፍጥኜዋለሁ ካሉ፣ ምናልባት የፈጠነ ነገር የለም፤ ስሕተቱንም ሌላ ቦታ ይፈልጉት።

1. መረጃዎን ያውጡ

የሚያስቸግር ፕሮሰሰር መጥፋቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። በዝምታ የተሳሳተ ስሌት ሠርቶ የተሳሳተውን ወደ ዲስኩ ሊጽፍ ይችላል። የታመቀ ፋይል ሲፈታ «ተበላሽቷል» ማለት፣ ትናንት ይከፈት የነበረ ሰነድ ዛሬ አልከፈት ማለት የዚህ ምልክት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሂሳብ መዝገብ፣ የደንበኛ ቪዲዮ ካለ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ግልበጣውንም የሚያካሂዱት ኮምፒውተሩ በ2ኛው ደረጃ ወደ መደበኛው ፍጥነት ከተመለሰ በኋላ ይሁን። ዲስክዎ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድመው በወረቀት ይያዙ። ባዮስ ሲጸዳ ዊንዶውስ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፍ የሌለው ሰው መረጃውን ያጣል።

2. ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሱ

ባዮስ ውስጥ ይግቡና የቀየሩትን ገጽ ሁሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ «ሎድ ኦፕቲማይዝድ ዲፎልትስ» የሚለውን መርጠው ያስቀምጡ። ማዘርቦርዱ ይዞት የመጣው «በአንድ ጠቅታ ማፍጠኛ» በርቶ ከነበረ ይጥፋ። እነዚህ ማፍጠኛዎች ለማንኛውም ቺፕ እንዲሆኑ ሲባል ቮልቴጁን ከሚያስፈልገው በላይ ይለቁታል፤ እኔ አንዱንም አላምንም።

ኮምፒውተሩ ጭራሽ ስክሪን ላይ ምንም ካላወጣ አይደናገጡ። ብዙ ማዘርቦርዶች ጥቂት ጊዜ ሞክረው ሲያቅታቸው ራሳቸው ወደ መደበኛው ይመለሳሉ። ካልተመለሰ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ፤ ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ «ክሊር ሲሞስ» (የባዮስ ቅንብር ማጽጃ) ተብሎ የተጻፈባቸውን ሁለት እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ ለ10 ሰከንድ ያገናኙ። እግሮቹን ካላገኙ የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ባትሪ አውጥተው 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ባትሪዋ 2032 የሚል ቁጥር ያላት ባለ 3 ቮልት ናት፤ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድም ትገኛለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና ቅንብሩ የሚጠፋ ከሆነ ያለቀችው እሷ ናት። አዳዲሶቹ ባለ ዲዲአር5 ማዘርቦርዶች ባዮስ ከጸዳ በኋላ ራሙን እንደ አዲስ ሲያጠኑ ለደቂቃዎች ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሞተ ብለው መሀል ላይ አያጥፉት።

በመደበኛው ፍጥነት ጥቂት ቀን ይሥሩበት። ችግሩ ከጠፋ ወደ 3ኛው ደረጃ ይለፉ። ካልጠፋ ግን ኦቨርክሎኩን መወንጀል ይተዉና 4ኛውንና 6ኛውን አይተው ወደ መጨረሻው ክፍል ይሂዱ።

3. ኮምፒውተሩ ራሱ የጻፈውን ያንብቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ብዙ ጊዜ የሚያተርፈውም ይህ ደረጃ ነው። ፕሮሰሰሩ የራሱን ስሕተት ሲያገኝ ይመዘግባል፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ዘመን ጀምሮ ይህን መዝገብ ተቀብሎ ያስቀምጣል። «ኢቨንት ቪወር»ን ይክፈቱ፣ «ዊንዶውስ ሎግስ» ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ይምረጡና ምንጩ «ዊያ ሎገር» (የሃርድዌር ስሕተት መዝጋቢው) የሆነውን ብቻ አጣርተው ያውጡ።

ቁጥር 18 ካዩ ገዳይ ስሕተት ነው፤ ኮምፒውተሩ የጠፋው በእሱ ነው። ቁጥር 19 ፕሮሰሰሩ ራሱ ያረመው ስሕተት ነው። ኮምፒውተሩ ሥራውን ይቀጥላል፣ ተጠቃሚውም ምንም አይሰማውም፤ ነገር ግን በየሰዓቱ የሚደጋገም 19 ካለ 18 ሩቅ አይደለም። ቁጥር 17 በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር፣ ማለትም ስለ ግራፊክስ ካርዱና ስለ ፈጣኑ ኤስኤስዲ ነው። ይህን ካዩ ካርዱን ነቅለው ይትከሉ፤ ቤዝ ክሎኩን (የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ተባዝቶ የሚገኝበትን መነሻ) ከ100 ሜጋኸርዝ አሳልፈው እንደሆነም ወደ 100 ይመልሱት፤ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ እሱ ሲነካ ሌሎቹም መስመሮች አብረው ይነካሉና።

ከእነዚህ ጎን «ኬርነል ፓወር 41» የሚል ቀይ ምልክት መኖሩ አይቀርም። ብዙዎች ይህን እንደ በሽታው ስም ይዘው ይሮጣሉ። እሱ የሚለው «በሥርዓት ሳልዘጋ ጠፋሁ» ብቻ ነው። መብራት ቢሄድም ያንኑ ይጽፋል።

18ን ወይም 19ን ከፍተው ሲያነቡ የስሕተቱ ዓይነት ይገኛል። «ካሽ ሃይራርኪ» የሚል ከሆነ የኮሩ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የስሌት ክፍል) ቮልቴጅ ለፍጥነቱ አልበቃውም ማለት ሊሆን ይችላል። ኢንቴል ላይ «ኢንተርናል ፓሪቲ» የሚለውም ወደዚያው ይጠቁማል። «ባስ ኢንተርኮኔክት» የሚል ከሆነ፣ በተለይ ራይዘን ላይ፣ ዓይንዎን ከኮሮቹ አንሥተው ወደ ራም ፍጥነትና የራይዘንን የውስጥ ክፍሎች ወደሚያገናኘው ወደ ኢንፊኒቲ ፋብሪክ ያዙሩ። ከዓይነቱ በታች «ኤፒክ አይዲ» የሚል ቁጥር አለ። እያንዳንዱ ኮር ሁለት ሁለት ክር (ትሬድ) በሚይዝበት ባለ 8 ኮር ራይዘን ላይ ቁጥሩን ለ2 አካፍለው ቀሪውን ቢተዉት፣ ኮሮቹ ከ0 ጀምሮ ሲቆጠሩ የትኛው እንደወደቀ ያገኛሉ፤ 0 እና 1 የመጀመሪያው ኮር ናቸው፣ 6 እና 7 አራተኛው። ሁልጊዜ አንድ ኮር ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጠቅላላውን ፍጥነት መቀነስ ሳያስፈልግዎ ያንን አንድ ኮር ማስተካከል ይበቃዎት ይሆናል።

ሰማያዊው ስክሪን ሳይነበብ የሚያልፍ ከሆነ፣ በሲስተም ቅንብር ውስጥ «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» ገብተው ራሱን በራሱ የሚያስነሣውን ምልክት ያጥፉ። መጨረሻው 124 ወይም 101 የሆነ ኮድ ወደ ኮር ቮልቴጅ፣ መጨረሻው 50 ወይም 1ኤ የሆነው ወደ ራም ያደላል። ያደላል እንጂ አይፈርድም።

4. ሙቀቱ

በአዳማ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት (ቮልዩም) ባይቀየርም ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው አየር ግን በክብደት ያንሳል። ስለዚህ አንድ ማቀዝቀዣ በውጭ አገር ግምገማ ያገኘው ውጤት እዚህ አይደገምም። አዲስ አበባ ላይ ያለ ችግር ይሠራ የነበረ ኮምፒውተር አዳማ ሲመጣ ማስቸገሩም አይገርምም። የአዲስ አበባ አየር የባሰ ቢሳሳም ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። የክፍሉ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩም ወደ አንድ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ማለዳ ክፍሉ 21 ዲግሪ ሳለ 82 ያሳየ ፕሮሰሰር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ክፍሉ 31 ሲገባ 92 ላይ ነው። በዚያ ላይ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት ከሞቃቶቹ ወራት ጋር ይገጥማል፤ የቪዲዮ ቤቶች ማሽኖች ቀንና ሌሊት የሚሠሩት ከተማዋ በምትግልበት ጊዜ ነው።

«ኤችደብሊውኢንፎ»ን ወይም ተመሳሳይ የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ከፍተው በሥራ ላይ ያለውን ከፍተኛ ሙቀት ይመዝግቡ። ብዙ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ላይ ራሳቸውን ያዘገያሉ፤ ከራይዘን 5000 መካከል 5800 ኤክስ 90፣ 5600 ኤክስ 95 ላይ። ራይዘን 7000ዎቹ፣ ኤክስ 3ዲ ከሚባሉት በቀር፣ በከባድ ሥራ 95 ላይ መቆየታቸው የታሰበበት ነው። እዚህ ላይ የሚምታታ ነገር አለ፦ መሞቅ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት አያመጣም፤ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ራሱን ያድናል። ስሕተት የሚመጣው ፍጥነቱ ከፍ ብሎ በተቆለፈበትና ቮልቴጁ ጠርዝ ላይ በሆነበት ጊዜ ሙቀት ሲታከልበት ነው። ጠዋት ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ የሚወድቅ ማሽን ታሪኩ ይኸው ነው።

መፍትሔው ከጽዳት ይጀምራል። ከከተማዋ ዳር የቆሙትን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ አቧራውንም ወደ ሂትሲንክዎ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደሚያስወጣው ብረት) ያመጣል። ኬዙን ይክፈቱ፣ የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ይዘው በትንሽ ብሎወር ያናፍሱ፤ ክንፉ ሳይያዝ በአየር ኃይል ከተሽከረከረ ፋኑ ይጎዳል። ወደ ጎሚስታ ወስዶ በጎማ መንፊያው ማስነፋት ርካሽ ይመስላል፤ ከዚያ ቱቦ ውኃና ዘይት አብሮ ስለሚወጣ ግን አይመከርም። በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ከደረቀ በአልኮል ጠርገው የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ያድርጉ። ኤኤም4 በሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ሶኬት ላይ ሂትሲንኩን ሲያነሡ አስቀድመው ኮምፒውተሩን ጥቂት አሙቀው ያጥፉትና ግራና ቀኝ እያዞሩ ያላቅቁት፤ ቀጥ አድርገው ከሳቡት ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ ከነእግሮቹ ሊወጣ ይችላል። ኬዙን ግድግዳ ላይ ወይም ጠረጴዛ ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ አያፍኑት።

5. ራሙን ከፕሮሰሰሩ ይለዩ

ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያስሮጠው ኤክስ ኤም ፒ የሚባለው የባዮስ ቅንብር ራሱ ኦቨርክሎክ ነው፤ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው። 3600 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር4 ራም ኤክስ ኤም ፒ ሲጠፋ ወደ 2133፣ 2400 ወይም 2666 ይወርዳል። ፕሮሰሰሩን በፈጣኑ ቅንብር፣ ራሙን በመደበኛው አድርገው ይሞክሩ፤ ቀጥሎ ገልብጠው ፕሮሰሰሩን በመደበኛው፣ ራሙን በኤክስ ኤም ፒ ያድርጉ። የወደቀው ወገን ማን እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። ራሙ ከተጠረጠረ «ሜምቴስት 86 ፕላስ»ን ፍላሽ ላይ ጭነው ሌሊቱን ያስሩጡ። አንድ ስሕተት እንኳ ካወጣ ራሙ በዚያ ቅንብር ወድቋል፤ «አንድ ብቻ ነው» አይባልም። አራት ማስገቢያ ባለበት ቦርድ ላይ ሁለት ራም የሚተከለው በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ነው። ራይዘን 5000 ላይ ለ3600 ራም ፋብሪኩ 1800 ሜጋኸርዝ ይሆናል፤ ከ1900 በላይ መግፋት ብዙ ጊዜ ያንን «ባስ ኢንተርኮኔክት» የሚል 19 ይጠራል።

6. ኤሌክትሪኩ

ዊያ ምንም ሳይመዘግብ፣ ሰማያዊ ስክሪንም ሳይታይ ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ ከጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ባለ 8 እግሩ የፕሮሰሰር ገመድ ሙሉ መግባቱን ይዩ። ባለ 12 ቮልቱ መስመር በሥራ ላይ ከ11.4 በታች ከወረደ ሰፕላዩ አልቻለም፤ ለዚህ ከሶፍትዌር ይልቅ መልቲሜትር ይታመናል። 650 ቪኤ የሚል የተጻፈበት ዩፒኤስ በዋት ሲቆጠር ብዙውን ጊዜ ከ400 አያልፍም። ኦቨርክሎክ ከመደረጉ በፊት መብራት ሲሄድ ይችል የነበረው ዩፒኤስ አሁን አብሮ ቢጠፋ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሌላው ምልክት ፕሮሰሰሩ ሳይሞቅ ፍጥነቱ በድንገት ከ1 ጊጋኸርዝ በታች መውረዱ ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉት የኃይል ማስተካከያዎች እንደጋሉ ያሳያል። ሂትሲንክ የሌላቸው ርካሽ ቦርዶች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ቦርዱን መቀየር ካልሆነ በቀር ፍጥነቱን መቀነስ ነው መላው።

7. ቀስ ብሎ መመለስ

ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ ከሆነ ሁለት ምርጫ አለ፦ ፍጥነቱን መቀነስ ወይም ቮልቴጁን መጨመር። እኔ ለአዳማ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ስሌት ነው። የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ በፍጥነቱ ልክና በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ያድጋል። ከ4.0 ጊጋኸርዝ በ1.20 ቮልት ወደ 4.4 በ1.35 ቮልት ሲሄዱ ፍጥነቱ የጨመረው 10 በመቶ ነው፤ 100 ዋት ይፈጅ የነበረው ግን ወደ 139 ዋት ይጠጋል። ያ ሁሉ ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ፍጥነቱን በ100 ሜጋኸርዝ ዝቅ ያድርጉና ይፈትኑ። ካልተረጋጋ እንደገና ዝቅ። ቮልቴጅ መጨመር ካለብዎት በ0.01 ወይም በ0.02 ቮልት ይሁን። ለዕለት ሥራ ከ1.35 ቮልት በላይ በቋሚነት አልሄድም፤ ለአንዳንድ ቺፕ ይህም ብዙ ነው። ከባድ ሥራ በመጣ ቅጽበት ቮልቴጁ፣ ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት እንደጀመረ ባጃጅ፣ ትንሽ ይንበረከካል፤ «ሎድ ላይን ካሊብሬሽን» የሚባለው ቅንብር ይህን ይደግፋል። መካከለኛው ደረጃ ይበቃል። የመጨረሻው ደረጃ ሥራው ሲቆም ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ያስፈነጥረዋልና አይንኩት።

ለፈተና «ፕራይም 95» አሁንም ጥሩ ነው። መልሳቸው አስቀድሞ የሚታወቅ ስሌቶችን ስለሚሠራ ፕሮሰሰሩ በትንሹ ቢሳሳት ይያዛል፤ «የማጠጋጋት ስሕተቱ 0.5 ሆነ፣ ከ0.4 በታች ይጠበቅ ነበር» የሚል መልእክት አውጥቶ የሚቆመው «ዎርከር» (ከፈተናው ክፍሎች አንዱ) የትኛው ኮር እንደደከመ ይጠቁማል። «ስሞል ኤፍኤፍቲ» የሚለው ፕሮሰሰሩን፣ «ብሌንድ» የሚለው ራሙንም ጨምሮ ይፈትናል። ሰዓቱን ግን ይምረጡ፤ ፈተናው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ይሁን፣ መስኮቱም እንደ ሌላው ቀን ይሁን። ሌሊት ብቻ የተፈተነ ቅንብር ያልተፈተነ ነው።

ፈተናውን አልፎ ሥራው ከቀድሞው የዘገየ ከመሰለዎት ራይዘን ላይ የሚታይ ዘዴ አለ፤ ቮልቴጅ ሲያንሰው ስሕተት ከማውጣት ይልቅ ክሎኩን (ፍጥነቱን) በድብቅ ያዘገየዋል። ስክሪኑ 4.6 ይላል፣ መለኪያው ላይ «ኢፌክቲቭ ክሎክ» የሚለው 4.3 ነው። እውነተኛው ሁለተኛው ነው።

8. ሥራ ሲፈታ የሚወድቅ ኮምፒውተር

ፈተናውን ሌሊቱን ሙሉ አልፎ፣ ጠዋት ኢሜይል እየተነበበ የሚጠፋ ማሽን ባለቤቱን ያሳብዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሁሉም ኮሮች ሲሠሩ ፍጥነታቸው መጠነኛ ነው፤ ከፍተኛው ፍጥነት የሚመጣው አንድ ኮር ብቻውን ለጥቂት ቅጽበት ሲፈነጥር ነው። የራይዘንን ኮሮች ቮልቴጅ በሚቀንሰው «ከርቭ ኦፕቲማይዘር» ላይ ለሁሉም ኮር ተቀናሽ 30 ያደረገ ሰው ደካማውን ኮር የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። 3ኛው ደረጃ ላይ ያገኙትን የኮር ቁጥር ይዘው የእሱን ብቻ ከተቀናሽ 30 ወደ 25፣ ካልሆነም ወደ 20 ያምጡት። «ኮር ሳይክለር» የሚባለው ነጻ መሣሪያ ኮሮቹን በየተራ ስለሚፈትን ለዚህ ከፕራይም 95 ብቻውን ይሻላል።

9. በፋብሪካው ቅንብርም ካልዳነ

የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ካለዎት፣ እርስዎ ምንም ሳይነኩት የተጎዳ ሊሆን ይችላል። ኩባንያው በ2024 እ.ኤ.አ. ቺፖቹ ከሚገባ በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ፕሮግራም) ማስተካከያ አውጥቷል፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዝሟል። ጨዋታ ሲከፈት በቂ የቪዲዮ ሜሞሪ የለም የሚል መልእክት መውጣቱ የታወቀ ምልክቱ ነበር። ማስተካከያው የሚመጣው በባዮስ ነው፤ ያልተጎዳውን ይጠብቃል፣ የተጎዳውን አይመልስም። ባዮስ የሚታደሰው ኮምፒውተሩ በመደበኛ ፍጥነት ላይ እያለና በዩፒኤስ ላይ ሆኖ ብቻ ነው። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ቦርዱ ላይነሣ ይችላል።

ሌላው ከተደጋጋሚ መውደቅ የተረፈ የተበላሸ የዊንዶውስ ፋይል ነው፤ ሃርድዌሩ ተስተካክሎ ሳለ ስሕተቱ ይቀጥላል። የዊንዶውስን የሲስተም ፋይል ማረሚያና የዲስክ መመርመሪያ ያስኪዱ፤ ካልረዳ እንደ አዲስ ይጫኑት።

ወደ ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነ ኦቨርክሎክ ማድረግዎን አይደብቁ። የሲስተሙን መዝገብ ከኢቨንት ቪወር ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ፣ የባዮሱን ፎቶዎች ይያዙ፣ ማሽኑ የሚወድቅበትን ሰዓትና የሚሠራውን ሥራ ይንገሩ። ሠራተኛው ፓወር ሰፕላይ ወይም ራም ካለው በእሱ ቀይሮ እንዲሞክር ይጠይቁ፤ ፕሮሰሰር ከመግዛትዎ በፊት ይህ ሙከራ መደረግ አለበት።